በታንኳ የሚለቀም ሩዝ፦ የሚኒሶታው ማኑሚን ዋጋው ይገባዋል?

ፍርዴን ላስቀድም። ውድ ነው፤ ግን ይገባዋል። ሚኒሶታ ለምንኖር ሐበሾች ደግሞ ከጓዳችን ባይጠፋ ደስ ይለኛል።

የማወራው ስለ ማኑሚን ነው። ፈረንጆቹ ዋይልድ ራይስ የሚሉት፣ ቀጠን ረዘም ያለ ቡናማ እህል። ሩዝ እንበለው እንጂ ዘሩ ሌላ ነው። ዚዛንያ ፓለስትሪስ የሚባል የውኃ ሣር ፍሬ ነው። ጥልቀት በሌላቸው ሐይቆችና ቀስ ብለው በሚፈሱ ወንዞች ውስጥ ይበቅላል። ፍሬው ሲደርስ ራሱ ውኃው ውስጥ ይረግፋል፣ ክረምቱን ጭቃው ውስጥ ይከርማል፣ በጸደይ እንደገና ይበቅላል። የዚህ አገር ነባር ሕዝቦች የሆኑት ኦጂብዌዎች (ራሳቸውን አኒሺናቤ ይላሉ) አባቶቻቸው ከምሥራቁ ጠረፍ ተነስተው እዚህ የደረሱት በትንቢት ነው ብለው ይተርካሉ። ምግብ ውኃ ላይ የሚበቅልበት አገር እስክትደርሱ ወደ ምዕራብ ሂዱ ተብለው ነበር ይላሉ። ምግቡ ይኸው ነው። ከድግሳቸውም ከለቅሷቸውም አይጠፋም።

እኔ የገዛሁት ሚኒያፖሊስ፣ ሌክ ስትሪት ላይ ካለው ሚድታውን ግሎባል ማርኬት ነው። ሕንጻው ውስጥ ኢንዲጂነስ ፉድ ላብ የሚባል ቦታ አለ። የሚያስተዳድረው ናቲፍስ የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ሲሆን፣ መሥራቹ የኦግላላ ላኮታው ሼፍ ሾን ሸርማን ነው። ኦዋምኒ የሚባለውን ሬስቶራንት የከፈተውም እሱ ነው። ሬስቶራንቱ በ2022 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የአገሪቱ ምርጥ አዲስ ሬስቶራንት ተብሎ የጄምስ ቢርድ ሽልማት ወስዷል። ገበያው ትንሽ ናት። መደርደሪያው ላይ የሜፕል ስኳር፣ የበቆሎ ዱቄት፣ ባቄላ፣ የዕፅዋት ሻይ አለ። አብዛኛው ከነባር ሕዝቦች አምራቾች የሚመጣ ነው። ሩዙም እዚያው አለ።

ስትገዙ ዋናው ነገር ይህ ነው። ዋይልድ ራይስ ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ አንድ አይደለም። ሱፐርማርኬት የሚገኘው አብዛኛው በካሊፎርኒያና በዚሁ በሚኒሶታ ማሳ ላይ ተዘርቶ፣ በማሽን ታጭዶ የመጣ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ከአንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት እንዲህ ያለውን ገዝቼ ነበር። ከሰል መስሎ የጠቆረ፣ የሚያብለጨልጭ። አንድ ሰዓት ቀቅዬውም ጥርስ ላይ ይንቋቋ ነበር። ልጆቼ አንድ ጊዜ ቀምሰው ሳህኑን ገፉት። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ዋይልድ ራይስ የሚባል ነገር ዞር ብዬም አላየሁ።

በእጅ የተለቀመውና በእንጨት እሳት የታመሰው መልኩ ሌላ ነው። ጥቁር አይደለም። ቡናማ፣ ግራጫ፣ አልፎ አልፎ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ፍሬ ተቀላቅሎበታል። አያብለጨልጭም። ማሸጊያውን ስትከፍቱት ጭስ ጭስ ይላል። ከጭሱ ሥር ደግሞ የደረቀ ሣርና የሻይ ቅጠል የመሰለ ሽታ አለ። በሚኒሶታ ሕግ በማሳ የተመረተ ከሆነ ማሸጊያው ላይ መጻፍ አለበት፤ ስለዚህ አንብቡ። "በእጅ የተለቀመ" እና "በእንጨት የታመሰ" የሚሉትን ፈልጉ። የየትኛው ነባር ሕዝብ ምርት እንደሆነም የሚጽፉ አሉ፤ እነሱን ብትመርጡ ይሻላል።

መደርደሪያው አጠገብ ቆሜ ዋጋውን ሳይ የምትሸጠው ልጅ መጣች። ኦጂብዌ ናት፤ ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ትመስላለች። ፊቴ ላይ ዋጋው እንዳስደነገጠኝ ሳታነብ አልቀረችም።

"ከዚህ በፊት አብስለሽው ታውቂያለሽ?" አለችኝ።

የሱፐርማርኬቱን ታሪክ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። "እሱን እርሺው። ይህን ግማሽ ሰዓት እንኳን እንዳታቆዪው" አለች። ከዚያ አሠራሩን አንድ በአንድ ነገረችኝ። ዛሬም የምሠራው እሷ እንዳለችኝ ነው።

አንድ ኩባያ ሩዝ ሦስቴ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡ። ላይ ላይ የሚንሳፈፍ እብቅና ስብርባሪ ካለ ከውኃው ጋር ድፉት። ሦስት ኩባያ ውኃና ትንሽ ጨው ጨምራችሁ ጣዱት። ሲፈላ እሳቱን ዝቅ አድርጉና ክደኑት። ከ20 ደቂቃ በኋላ ክፈቱና እዩ። ፍሬው ጎኑ ተተርትሮ ውስጡ ነጣ ብሎ ብቅ ሲል ደርሷል። ሙሉ በሙሉ ፈንድቶ ከተጠቀለለ አልፎበታል፤ ይላሽቃል። የቀረውን ውኃ አጥልሉት፣ ግን አትድፉት። ለሾርባ ግሩም ነው። አንድ ኩባያ ጥሬ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ኩባያ ይወጣዋል። ዋጋውን ስታስቡ ይህንን አትርሱ። አንድ ኩባያ አምስት ሰው ያጠግባል።

ጣዕሙ? መጀመሪያ በጨው ብቻ ቅመሱት። ለውዝ ለውዝ ይላል፣ ትንሽ ጭስ ጭስ ይላል፣ ስትውጡት ደግሞ ጣፈጥ ይላል። ከውጭ ጠንከር ብሎ ውስጡ ለስላሳ ነው። ነጭ ሩዝ የወጥ መብያ ነው። ይህ ግን ራሱ ጣዕም አለው፤ የሚቀርብለትን ወጥም ይመርጣል።

እኛ ቤት ያልሞከርነው የለም ማለት ይቻላል። ቀይ ወጥ አይሆንለትም። በርበሬው ጭሱን ይውጠዋል፤ ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍላችሁ በርበሬ ብቻ ትበላላችሁ። ቅቤያችንም አይስማማውም። ኮሰረቱና ኮረሪማው ከእህሉ ሽታ ጋር ይጋጫል። አልጫ ግን ይወደዋል። አልጫ ክክ ወይም ድንችና ካሮት፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በዛ ተደርጎ። ከሁሉ የበለጠብኝ ደግሞ እንጉዳይ ነው። ቀይ ሽንኩርት በዘይት እስኪበስል አቁላሉ፣ እንጉዳዩን ጨምሩ፣ ውኃው ሲመጥጥ የበሰለውን ሩዝ አገላብጡበት፣ ትንሽ ቃሪያ ከላይ። በቃ። ለዓቢይ ጾም እንዲህ ያለ ምግብ ፈልጌ አጥቼ ነበር። ሽሮና ምስር ሲደጋገም ልጆች ይሰለቻሉ፤ ይህ ሲቀርብ ሁለተኛ ይጠይቃሉ። በእንጀራ ለመጠቅለል አትሞክሩ፣ ይንሸራተታል። በማንኪያ ነው የሚበላው። ጠዋት ላይ የተረፈውን በሜፕል ሽሮፕና በብሉቤሪ መብላት የአገሩ ሰው ልማድ ነው። ታናሿ ልጄ በዚህ ነው የወደደችው።

አሁን ወደ ዋጋው። ሱፐርማርኬት ካለው ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው፤ አንዳንዴ ከዚያም ይበልጣል። ለምን እንደሆነ ግን አለቃቀሙን ሲያዩት ይገባል።

ሁለት ሰው በአንድ ታንኳ ይገባል። አንዱ ቆሞ በረጅም ዘንግ የሐይቁን ወለል እየገፋ ታንኳውን በሣሩ መሃል ያስኬዳል። ሌላው ቁጭ ብሎ ሁለት ቀላል ዱላዎች ይይዛል። በአንዱ አገዳውን ወደ ታንኳው ጎንበስ ያደርጋል፣ በሌላው ዛላውን መታ መታ ያደርገዋል። የበሰለው ፍሬ ብቻ ይረግፋል። ያልበሰለው አገዳው ላይ ይቆያል፤ ከቀናት በኋላ ይመለሱበታል። ታንኳው ውስጥ ሳይሆን ውኃው ውስጥ የወደቀው ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ዘር ነው። የክልሉ ሕግ ራሱ በዚህ ላይ ጥብቅ ነው። ታንኳው ከ18 ጫማ መርዘም፣ ከ36 ኢንች መስፋት አይችልም። ዱላው ከ30 ኢንች አይበልጥም፣ ክብደቱም ከአንድ ፓውንድ። የሚለቀመው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው። ሞተር የለም፣ ማጨጃ የለም።

ከዚያ እንዲደርቅ ይሰጣል። በትልቅ ብረት ድስት በእንጨት እሳት ላይ ይታመሳል፤ ሳያርፉ ማማሰል ነው፣ አለበለዚያ ያርራል። ቀጥሎ ገለባው እንዲለቅ በእግር ይረገጣል። ለዚህ ለስላሳ የቆዳ ጫማ ያደርጋሉ፣ እንደ ጭፈራ ነው። በመጨረሻ ከበርች ዛፍ ቅርፊት በተሠራ ሰፋ ያለ ዕቃ ይበጠራል። ልጅቷ ስልኳ ላይ የአያቷን ቪዲዮ አሳየችኝ። አሮጊቷ ዕቃውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ እብቁን ለነፋስ ሲሰጡ እናቴን በሰፌዷ ያየሁ መሰለኝ። ዛሬ በማሽን የሚያምሱና የሚፈትጉም አሉ፤ ዋጋው ትንሽ ይቀንሳል፣ ክፉም አይደለም።

"የዘንድሮው ግን ትንሽ ነው" አለችኝ ሒሳብ ስከፍል። "በጋው መግቢያ ላይ ዝናቡ በዛ።"

ዝናብ ሲበዛ ለውኃ ተክል ምን ይጎዳዋል? ጠየቅኳት። ማኑሚን በጋው ሲጀምር ቅጠሉ ውኃው ላይ ተኝቶ የሚንሳፈፍበት ጊዜ አለው። ያኔ ሥሩ ገና አልጠነከረም። ኃይለኛ ዝናብ ወርዶ ሐይቁ በድንገት ከፍ ካለ፣ የሚንሳፈፈው ቅጠል ወደ ላይ ይጎተትና ተክሉ ከነሥሩ ይነቀላል። የአንድ ሐይቅ ምርት በአንድ ሳምንት ይጠፋል። ሌላም አለ። ዘሩ እንዲበቅል ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ለበረዶ በቀረበ ውኃ ውስጥ መቆየት አለበት። የሚኒሶታ ክረምት ደግሞ እየሞቀ ነው። እኛ ቅዝቃዜው ሲለሳለስ እፎይ እንላለን። ለእነሱ ግን የምግባቸው ዘር ሳይነቃ ይቀራል ማለት ነው።

ይህች ልጅ ሩዝ ብቻ አይደለም የምትሸጠው። ሃይስኩል እያለች ነው ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሰልፍ መውጣት የጀመረችው። ምክንያቷን ስጠይቃት የነገረችኝ ላይን ስሪ ስለሚባለው የነዳጅ ቧንቧ ነው። እዚህ የምንኖር ሰዎች ዜናውን ሰምተናል፣ ግን ብዙዎቻችን የሌላ ሰው ጉዳይ አድርገን አልፈነዋል። ኤንብሪጅ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ከአልበርታ እስከ ዊስኮንሲኗ ሱፒሪየር ከተማ የሚሄደውን አሮጌ የነዳጅ ቧንቧ በአዲስ ተካ። አዲሱ በቀን 760,000 በርሜል ድፍድፍ ያስተላልፋል። ከዚህም ውስጥ ሬንጅ ከተቀላቀለበት አሸዋ የሚወጣ፣ ከተለመደው ነዳጅ ይበልጥ አየር የሚበክል አለበት። መንገዱ ደግሞ የሚኒሶታን ሰሜን አቋርጦ፣ ማኑሚን የሚበቅልባቸውን ውኃዎች እያለፈ ይሄዳል። ኦጂብዌዎች በ1800ዎቹ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል መሬቱን ሲለቁ የመልቀምና የማጥመድ መብታችንን አልለቀቅንም ይላሉ። የ1837ቱን ውል በተመለከተ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999 ለእነሱ ፈርዷል።

በ2017 አሥራ ሦስት ወጣቶች ለቧንቧው ፈቃድ የሚሰጠው የክልሉ የመገልገያ ኮሚሽን ፊት ቀርበው በጉዳዩ ተከራካሪ ወገን እንዲሆኑ አመለከቱ። ተፈቀደላቸው። የዳኮታና የሆ-ቸንክ ተወላጅ የሆነችው ሮዝ ዊፕል አንዷ ነበረች፤ ያኔ ገና ተማሪ ናት። ከኩባንያው ጠበቆች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፣ ቧንቧው የሚያመጣው ሙቀት የሚደርሰው በእኛ ዕድሜ ነው ብለው ተከራከሩ። እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ቀበሌ ገብቼ መታወቂያ ለመጠየቅ እንኳን እፈራ ነበር። ኮሚሽኑ በ2018 ቧንቧውን አጸደቀ። ይግባኝ፣ እንደገና ማጽደቅ፣ እንደገና ይግባኝ። ግንባታው በ2020 መጨረሻ ተጀመረ። የአኒሺናቤዋ ጠበቃ ታራ ሁስካና ባልደረቦቿ በሰሜኑ ጫካ ካምፕ ሠርተው ተቃወሙ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታሰሩ። ግንባታው ላይ በ2021 መጀመሪያ ክሊርብሩክ አካባቢ የከርሰ ምድር ውኃ ተነድሎ ቢያንስ 24 ሚሊዮን ጋሎን ፈሰሰ፤ ክልሉም ኩባንያውን ቀጣ። ነዳጁ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 1 በቧንቧው መፍሰስ ጀመረ።

ያም ሆኖ ዝም አላሉም። ኋይት ኧርዝ የሚባለው የኦጂብዌ ብሔር በ2018 ማኑሚን ራሱ በሕግ መብት አለው የሚል ሕግ አውጥቶ ነበር። በ2021 በራሳቸው ፍርድ ቤት ክስ ሲመሠረት ከሳሽ ሆኖ መዝገቡ ላይ የሰፈረው ማኑሚን ነው፤ ተከሳሹ የክልሉ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት። ጉዳዩ ፍርድ ቤቱ ይህን ለማየት ሥልጣን የለውም ተብሎ ተዘጋ። ልጅቷ ግን ይህን ስትነግረኝ ፊቷ ላይ ሽንፈት አላየሁም። "ሐይቁ አሁንም አለ። መስከረም ሲመጣ እንገባለን" አለችኝ። አሁን ታናናሾቿን ታንኳ መግፋት እያስተማረች ነው። በየስብሰባውም ስለ ሐይቆቹ ከፍታና ስለ ማዕድን ማውጫዎች ፍሳሽ ትከራከራለች። ማዕድን ማውጫዎቹ የሚለቁት ሰልፌት ለማኑሚን ዋና ጠላት ነው። ክልሉ ከ1973 ጀምሮ በሊትር ከ10 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ ደንቡ ይከበር የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም።

እኛ ይህ ሊገባን ይገባል። ጤፍን አስቡት። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በ2003 አመልክቶ በ2007 በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ወስዶ ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት ዋጋ የለውም እስኪል ድረስ ዓመታት አለፉ፤ ፍርዱ የተሰጠው በ2018 ነው። እዚህም የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማኑሚንን ለማሳ ሲያላምዱ፣ ኋላም የዘረ መሉን ካርታ ሲሠሩ ኦጂብዌዎች ተቃውመዋል። ያልጠየቃችሁን ነገር ነው የነካችሁት ብለው። በዘረ መል የተለወጠ ዝርያ ሐይቃችን ይገባል ብለውም ይሰጋሉ። የጤፉ ዜና ሲወጣ የተንገበገብን ሰዎች የማሳውን ሩዝ በርካሽ ገዝተን "ሚኒሶታ ራይስ በላን" ስንል ትንሽ ማሰብ አለብን። ይህንን ከልቤ ነው የምለው።

እህሉ ጉድለት የለውም አልልም። ማሸጊያው ቀሽም ነው፤ ስስ ፕላስቲክ፣ አንዴ ከከፈታችሁት አይዘጋም። የፍሬው መጠን ስለማይመሳሰል ትንንሹ ቀድሞ ይበስላል። አልፎ አልፎ ገለባ አይጠፋበትም፤ ሳትለቅሙ እንዳታጥቡት። የተለቀመበት ሐይቅ ስም ቢጻፍበት ደግሞ እወድ ነበር። ቡናችንን የይርጋጨፌ፣ የሐረር ብለን እንደምንለየው እነሱም የየሐይቁን ጣዕም ይለያሉ። የገዛሁት ማሸጊያ ላይ ግን "ሚኒሶታ" ብቻ ነው ያለው። ይህን ለልጅቷ ነግሬያታለሁ፤ የሚጽፉ አሉ፣ ለሚቀጥለው እፈልግልሻለሁ ብላኛለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገዙ ከሆነ ትንሹን ያዙ። ግማሽ ፓውንድ ለሁለት ጊዜ ምግብ ይበቃል። ወደ ማሰሮ ወይም ክዳን ወዳለው ጠርሙስ ገልብጡትና ከብርሃንና ከእርጥበት አርቁት፤ በደንብ የደረቀ ከሆነ ዓመትም ቢቆይ አይነቅዝም። የተቀቀለው ፍሪጅ ውስጥ አምስት ስድስት ቀን ይቆያል፣ ፍሪዘር ውስጥ ከዚያ ይበልጣል። ሚኒያፖሊስ ለማይመቻችሁ ኋይት ኧርዝ ያለው ኔቲቭ ሃርቨስት በኢንተርኔት ይሸጣል። አዲሱ ምርት የሚወጣው በመስቀል ሰሞን ነው። ዝናቡ በበዛበት ዓመት ቶሎ ያልቃል፤ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።